ትምህርት ቤቱ የጠራው ዝክር

አከራዬ ወይዘሮ ዘውዴ ለጠላ አሻሮ የሚቆሉት ጠዋት ነው፤ እኔ ወደ እንጨት ሥራ ቤት ለመሄድ ግቢ ውስጥ ፊቴን ስታጠብ። ገብሱ መጀመሪያ እንደ ቆሎ ይሸታል፤ ደስ የሚል፣ የሚያስርብ ሽታ ነው። ቆይቶ ግን ይጠቁርና ሽታው ይለወጣል፤ ሊያርር ነው፣ አላረረም በሚባልበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ግቢውን ይሞላዋል፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ውስጥ ይገባል። ጎንደር መጥቼ በዚህ ግቢ ቤት ከተከራየሁ ጀምሮ ሽታውን ብዙ ጊዜ አሽትቼዋለሁ፤ ምንም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አሻሮው እየተቆላ ሳለ ከግቢያችን በስተጀርባ ያለው ትምህርት ቤት በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ተናገረ፤ ነገ የመታሰቢያ ቀን ስለሆነ ተማሪዎች በሙሉ በሰዓቱ እንዲገኙ፣ የሚበላም ሆነ የሚጠጣ ነገር ይዞ መግባት ፈጽሞ ክልክል እንደሆነ። ሽታውና ድምፁ አንድ ላይ መጡብኝ። ፎጣውን ትከሻዬ ላይ እንደጣልኩ ቆሜ ቀረሁ። ወይዘሮ ዘውዴ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምነው፣ ሳሙና ዓይንህ ገባ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ያ ክልከላ ለምን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በጎንደር ከተማ ያለ አይመስለኝም። እኔ አውቃለሁ፤ ወይም አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ። በእናቴ ምክንያት ነው።

ያደግኩት ድብ ባሕር ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ የጨረሰ ሰው የሚያገኛት ከተማ ናት፤ ከተማ ካልናት። ቁልቁለቱን የወረደ የጭነት መኪና ሁሉ ፍሬኑን ሊያበርድ እዚያ ይቆማል፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከታጨደ ጤፍ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ነው ያሳደገን። ቤታችን ከመንገዱ ሥር ስለነበረ የምንነቃው በዶሮ ጩኸት ሳይሆን በማርሽ ጩኸት ነበር፤ ትልቅ መኪና ሲያልፍ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያ ላይ ያሉ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ እናታችን ደግሞ ብርጭቆዎቹን እያየች «ደኅና ግቡ» ትላለች። ለመኪናው ይሁን ለብርጭቆዎቹ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ አዛናው ይባላል። ይባል ነበር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። በቤት ግን አዛናው ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። እኔ አፌን ስፈታ፣ በእኛ አገር ታላቅን እንደምንጠራው፣ አያ አልኩት፤ እናታችን ሰምታ ሳቀችና እሷም አያ ትለው ጀመር፣ አባታችን ከሞተ በኋላ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ተከተላት። የወለደችውን ልጅ አያ ብላ ስትጠራ የሰማ እንግዳ ግራ ይጋባ ነበር። ሌላም ስም ነበረው፤ ገብረ ማርያም የሚባል የክርስትና ስም፣ እሱን የሚጠሩት የንስሐ አባታችን መምሬ ውቤ ብቻ ነበሩ። አዛናው የሚኖረው ትምህርት ቤት ነበር። ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከቤት ሲወጣ አያ ነው፤ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ አዛናው ይሆናል።

ያኔ ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የሚባል ክበብ ነበረው። ክበቡ ማለት አንድ ማይክና አንድ ሞንታርቦ ነበር፤ መብራት ሲኖር የሚሠራ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አያ ዜናና ማስታወቂያ ያነባል። ድምፁ ወፍራም አልነበረም፤ ግን ይደርሳል። እናታችን ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ትሰማዋለች፤ ምን እንዳለ ሁሉን አትለየውም፣ ቢሆንም «አያ ደረሰ» ትላለች፣ ስብከት እንደሰማች። እኔ ከፊት ከትንንሾቹ ጋር ተሰልፌ፣ ይህ የሚናገረው ወንድሜ ነው ብዬ ለጎረቤቴ እነግረዋለሁ፤ ጎረቤቴም በየቀኑ ስለምነግረው ሰልችቶታል። አያ ማስታወቂያን ቀጥ አድርጎ አንብቦ አያውቅም። አንድ ቀን ስለ ወላጆች ስብሰባ አንብቦ ሲጨርስ፣ የመናኸሪያ ረዳቶች በሚጣሩበት ድምፅ፣ «ስብሰባ! ስብሰባ! አንድ ሰው የቀረው!» አለ። ሰልፉ ተበተነ። መምህራኑ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ዳይሬክተራችን ግን ሥነ ዜጋም የሚያስተምሩን እሳቸው ነበሩና ሥርዓት የሚባል ነገር በጣም ይወዳሉ፤ አያን ከማይኩ አራቁት። ለካ ልጁ የተናገረው ቀልድ ሳይሆን ሐሳቡን ኖሯል፤ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆነ። «ማይክ የማያስፈልገው ሥራ አገኘሁ» ብሎ ለእናታችን ነገራት። አለቀሰች፤ ከዚያ ስንቁን ቋጠረችለት።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ከእሱ ጋር እሄድ ነበር። ሹፌሩ ደግ ከሆነ ከጭነቱ ላይ፣ ከጤፍ ጆንያው ላይ እንቀመጣለን፤ አያ ቀበቶዬን ከኋላ ጨብጦ ይይዘኛል። ሊማሊሞ በክረምት ጉም ይለብሳል፤ መኪናው በማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ገደሉ አይታይም፣ ስለማይታይም አያስፈራም፤ ነጭ ነገር ውስጥ የተቀመጥን ይመስለኝ ነበር። ጉሙ በተገለጠ ቁጥር ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ዳር ሣር እየነጩ ይታያሉ። አያ ከላይ ሆኖ፣ «ያልከፈላችሁ ወደ ኋላ!» ይላቸዋል፤ እነሱም ወደ ኋላ ይላሉ። ከቆላው ሲመለስ ሸንኮራ ያመጣል። እጁ ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ሸንኮራው ራሱ ጎማ ጎማ ይል ነበር። እስካሁን ከገበያ ገዝቼ የምበላው ሸንኮራ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አልጽፍም፤ የጻፉ አሉ። እኛ ጋ የሆነው ይህ ነው፦ ሰው በሙሉ ወደ ደጋው መሸሽ ጀመረ፣ አያ የሚሠራበት መኪና ሴቶችንና ሽማግሌዎችን ጭኖ ይወጣ ነበር፣ አያ ከመንገድ ዳር ቆሞ ሰው ሲያሳፍር ከባድ መሣሪያ ወደቀ። መኪናው ምንም አልሆነም። ሹፌሩ በኋላ መጥቶ ሲነግረን፣ መኪናው ምንም አልሆነም የሚለውን ደጋግሞ ተናገረ፤ ይቅርታ እንደመጠየቅ። ቀብሩ በችኮላ ነበር። ተዝካሩን ያወጣነው ዘግይተን፣ ሰው ወደ ቀየው ሲመለስ ነው፤ ከጎረቤት በተዋጣ እህል፣ ጥሩ ተዝካር ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወንበሮቹ ለማገዶ ሄደው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተማርን። እኔ ስምንተኛ ስደርስ፣ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ስለ ጦርነቱ እንዲያስተምሩና በዓመት አንድ ቀን እንዲያስቡት ትእዛዝ መጣ። ዳይሬክተሩ ወላጆችን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሰበሰቡ። ከላይ መመሪያ ወርዷል አሉ። መምሬ ውቤ ከፊት ተቀምጠው ነበርና ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው፣ «እኛ ከላይ ሲባል ሌላ ነበር የምናስበው» አሉ፤ ሰው ሳቀ። ዳይሬክተሩም ሳቁና ቀጠሉ። ዝግጅቱ ዝክር ይባላል፤ በሁሉም ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይከበራል፤ ለተማሪዎች ደግሞ በትምህርት መልክ ይሰጣል።

እናቴ እጇን አወጣች። ስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምነው ዳይሬክተር፣ ዝክሩን ማን ሊደግሰው ነው?»

«ትምህርት ቤቱ ነዋ፣ ወይዘሮ የሺ።»

«ትምህርት ቤቱ ጋን አለው?»

ሰው እንደገና ሳቀ፤ ዳይሬክተሩ ቀልድ መስሏቸው አብረው ሳቁ። ቀልድ አልነበረም። እኛ አገር ዝክር ማለት የታወቀ ነገር ነው፤ በመልአክ ወይም በቅዱስ ስም ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይጋገራል፣ ጎረቤትና የኔ ቢጤ ይጠራል፣ ካህን ይባርካል። የመመሪያው ዝክር ግን ሌላ ነበር፤ ዝም ብሎ ማስታወስ ማለት ነበር። ያን ቀን ይህን ልዩነት የተናገረ ሰው የለም። ዳይሬክተሩ የደባርቅ ልጅ ናቸው፤ ዝክርን ከማንም ባላነሰ ያውቁታል። ነገር ግን መመሪያ ሲያነቡ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የሌላ አገር ቃል ይሆናል፤ ራሳቸውም ልብ አላሉትም።

ቀጥለው፣ በዕለቱ በጦርነቱ ያለፉ ተማሪዎቻችንና መምህራኖቻችን ስም ይጠራል አሉ። እናቴ አሁንም አልተቀመጠችም።

«የአያም?»

«የማን?»

«የአዛናው።»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጠፉት። «ወይዘሮ የሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ቢጠራ ደስ ይለኝ ነበር። አዛናው ግን ትምህርቱን አቋርጧል። መመሪያው የሚለው...»

«ያቋረጠው ትምህርቱን ነው። ስሙን አላቋረጠም።»

«ለእሱ ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሞተበት አለው።»

ይህ እውነት ነበር። እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ስንመለስ መምሬ ውቤ ከጎኗ እየሄዱ አጽናኗት። ሴቶቹን የሚጠሯቸው በክርስትና ስማቸው ነው፤ «ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያምን በቅዳሴው እንጠራዋለን። ምን ጎደለሽ?» አሏት።

«ገብረ ማርያምን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ አባቴ። አያን እኔ አውቀዋለሁ። አዛናውን የሚያውቀው ግን ይህ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። እሱ ከረሳው ማን ያስታውስልኛል?»

እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሰው ስም እንደሚሞትበት እስከዚያ ቀን አላሰብኩም ነበር።

በማግስቱ እናቴ አሻሮ ቆላች። ቤቱ ጨሰ። ለማን ነው ስላት፣ «ለትምህርት ቤታችሁ ዝክር» አለችኝ፤ ስሙን ባይጠሩትም ዝክሩ ላይ ባዶ እጇን እንደማትሄድ ነገረችኝ። አልከራከርኳትም። ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። ዕለቱ ሲደርስ ሴቶቹ ከየሰፈሩ ወጡ፤ አህዮቹ ቢጫ ጀሪካን ተጭነዋል፣ በኮባ የተጋገረው ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በራስ ላይ ነው፣ ሽታው ከእኛ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ደርሶ ነበር። ተማሪው ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ዳይሬክተሩ ከረባት አስረው ነበር፤ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ወይዘሮ የሺ! ይሄ ምንድነው?»

«ዝክር አላልክም?»

«ብያለሁ፤ ግን ዝክር ማለት... ማስታወስ ማለት ነው።»

«ሳይበላ?»

«በባዶ ሆድ ማስታወስ ለእናንተ ለተማራችሁት ነው» አለች ከኋላ ያለች ጎረቤታችን። «እኛን ሲርበን የሚታወሰን ምሳ ብቻ ነው።»

ዳይሬክተሩ ላብ አላባቸው። «እናቶቼ፣ ጠላ ትምህርት ቤት ግቢ አይገባም። ከላይ ቢያዩ ምን ይሉኛል?» ከአህዮቹ አንዷ ይህን ሰምታ እንደሆነ እንጃ፣ በበሩ አንገቷን ወደ ውስጥ አሾለከች፤ አንድ መምህር ጆሮዋን ይዘው መለሷት። በመጨረሻ ተስማሙ። ሴቶቹና ጀሪካኖቹ ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሥነ ሥርዓቱ ውስጥ ይካሄዳል፤ ሲያልቅ ይታያል። ምን እንደሚታይ አልተነገረም።

መብራት ስላልነበረ ሞንታርቦው አልሠራም። ዳይሬክተሩ በድምፃቸው አነበቡ፤ የጦርነቱን መንስኤ፣ ሂደት፣ ውጤት። በክፍል ውስጥ የተማርነውን ደግመን እንድናስታውስ ነበር። ከዚያ የኅሊና ጸሎት አሉ፤ አንገታችንን ደፋን። እኛ አገር ሰው ሲሞት ይጮሃል፣ ሙሾ ይወረዳል፤ ዝም ተብሎ መቆምን የተማርነው ከትምህርት ቤት ነው። ሴቶቹ ከአጥሩ ማዶ ጸጥታውን ሲሰሙ ሥነ ሥርዓቱ ያለቀ መሰላቸው፤ «አለቀ እንዴ?» «ምነው ዝም አሉ?» ሲባባሉ ይሰማል፤ አህያዋም በዚያ ጸጥታ መካከል አናፋች። የተደፉት አንገቶች በሙሉ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እኔም ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ፤ ያን ጊዜ ከማንም በላይ መሳቅ የማይገባኝ እኔ ነበርኩ። ግን አያ ቢኖር ከሁላችንም ፊት ይፈነዳ ነበር።

ስሞቹ ተጠሩ። ከእኔ በታች የሚማር የነበረ ልጅ ተጠራ፤ የሒሳብ መምህራችን ተጠሩ፤ ሌሎችም። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ድምፅ ታሰማለች፤ ስለዚህ የማን ቤት የት እንደተቀመጠ ማወቅ ይቻል ነበር። ወደ እናቴ በኩል አዳመጥኩ። ወረቀቱ ተጣጠፈ፣ ዳይሬክተሩ አመሰገኑ፣ ከእናቴ በኩል ምንም ድምፅ አልመጣም።

ስንወጣ መምሬ ውቤ ከዳቦው ፊት ቆመዋል። መስቀላቸውን አውጥተው፣ «በማን ስም ነው ዝክሩ?» ብለው እናቴን ጠየቋት። የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ሰው በሚካኤል ይላል፣ በማርያም ይላል።

«በአዛናው» አለች።

መስቀሉን ዝቅ አደረጉት። «ወለተ ሥላሴ፣ ዝክር የቅዱሳን ነው። ለሙት ተዝካር ነው፤ የእሱንም አውጥተሻል። ይህን አልባርክም።»

እናቴ የዳቦውን ጨርቅ መልሳ አለበሰችው። ትምህርት ቤቱ፣ ልጅሽ ተማሪ አይደለም አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ልጅሽ ቅዱስ አይደለም አለ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሷ ከሁለቱ መካከል ዳቦ ታቅፋ ተቀመጠች። ሌሎቹም ሴቶች እሷን አይተው ጨርቃቸውን መለሱ። ልጆቹ ዳቦው ሲሸፈን ፊታቸው ጠቆረ፤ አንዱ ትንሽ ልጅ ጮክ ብሎ፣ «ቀረ እንዴ?» አለ። መምሬ ውቤ ልጁን አዩት። ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ፣ መለሱት።

«ምጽዋት ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ለተራበ ሕፃን መስጠትን ማንም አልከለከለ። በነፍሱ ስም ስጪ።» ዳቦውን በመስቀል ምልክት ቆረሱት።

እኛ አገር በሙት ስም የተሰጠ ነገር የሚቀበል ሰው ነፍስ ይማር ሳይል አይጎርስም። ይህን ሕፃኑም ያውቃል። እናቴ ግን ያን ቀን ነፍስ ይማር ለሚላት ልጅ ዳቦውን አለቀቀችም፤ በአንድ ጫፍ እሷ ይዛ፣ በሌላው ልጁ ይዞ፣ «የማንን?» ትለዋለች።

«እ?»

«የማንን ነፍስ? የአዛናውን በል።»

«የአዛናውን ነፍስ ይማር።»

ትለቅለታለች። የሚቀጥለው ይመጣል። ሰልፉ ረዘመ፤ ሌሎቹ ሴቶችም ነገሩ ገብቷቸው እንደዚያው ያደርጉ ጀመር፣ ከአጥሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ስም ሁሉ በልጆች አፍ ይጠራ ነበር። ሌቦቹ ዞረው ተመልሰው ይመጣሉ፤ የደገሙ ልጆች እንዳይታወቅባቸው ስሙን ከፊተኛው አስበልጠው ይጮሁታል። እናቴ ታውቃቸዋለች፤ ለእነሱ ትልቁን ቁራሽ ትሰጣለች። እኔም ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ አያ ልል ነበር፤ አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ ከዚያ እንደማንኛውም ተማሪ፣ «የአዛናውን ነፍስ ይማር» አልኳት። እንደማንኛውም ተማሪ አየችኝና ዳቦውን ለቀቀችልኝ።

ዳይሬክተሩ ተማሪውን ወደ ክፍል ሊመልሱ ወጡ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። እናቴ ቁራሽ ዘረጋችላቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያዙና ጎንበስ ብለው፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። እሷ አለቀቀችም።

«የማንን?»

ዳይሬክተሩ መምሬ ውቤን አዩ። መምሬ ውቤ ጭራቸውን አዩ።

«የአዛናውን» አሉ፣ ዝቅ አድርገው።

«ሰልፍ ላይ እንደምትጠራው ጥራው፣ ልጄ።»

ልጆቹ ማኘክ አቆሙ። ዳይሬክተሩ ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ ለምን እንዳስተካከሉት አላውቅም። ቀና አሉና፣ ስሞቹን ባነበቡበት በዚያው ድምፅ፣ «የአዛናውን ነፍስ ይማር» አሉ። ተማሪው ሳይታዘዝ አሜን አለ። ያኔ ከእናቴ በኩል የጠበቅኩት ድምፅ ወጣ። ረጅም አልነበረም። ዳቦውን ለቀቀችላቸውና ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ዳይሬክተሩ ቁራሹን እዚያው ቆመው በሉት፤ «ሸጋ ዳቦ ነው፣ ወይዘሮ የሺ» አሏት። ከሰዓት በኋላ ትምህርት አልነበረም። አንዳንድ መምህራን ከባሕር ዛፉ ሥር ከጣሳ ውሃ ሲጠጡ ታይተዋል፤ ውሃው ትንሽ ይደፈርሳል።

በሚቀጥለው ዓመት ከመመሪያው ውስጥ ዝክር የሚለው ቃል ወጥቶ መታሰቢያ ተባለ፤ የሚበላና የሚጠጣ ተከለከለ። ለዚህ ነው በእናቴ ምክንያት ነው የምለው፤ ምናልባት በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለች አንዲት እናት ነበረች። ቀኑ አሁን ያምራል፤ ልጆቹ ነጭ ለብሰው ይቆማሉ፣ ማንም አይስቅም። ትምህርት መሆኑን አልጠላሁትም። ካልተማሩት ከየት ያውቁታል? ሆኖም ትምህርት የሚሆነው ነገር መንስኤና ውጤት ያለው ብቻ ነው። ወንድሜ ጭላዳዎቹን ሒሳብ ይጠይቅ እንደነበረ፣ ቀበቶዬን ከኋላ ሲይዘው ጣቶቹ ወገቤን እንደሚቆረቁሩኝ የትኛው ምዕራፍ ውስጥ ይገባል? ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከእኔም ላይ ቀስ በቀስ እየሄደ ነው። ድምፁ ሄዷል። የተናገረውን አስታውሳለሁ፤ ሲናገር የምሰማው ግን የራሴን ድምፅ ነው።

ዝክሩ በሆነበት ዓመት ማብቂያ ላይ ሥነ ዜጋ ተፈተንን። ስለ ጦርነቱም ጥያቄ ነበረ፤ «ጦርነቱ ያሳጣን ምንድን ነው?» የሚል። ምርጫዎቹ፣ ሀ የሰው ሕይወት፣ ለ ንብረት፣ ሐ ሰላም፣ መ ሁሉም መልስ ነው። ብዙ አላሰብኩበትም፤ መ አልኩ። ወረቀቱ ሲመለስልን ሁሉንም ጥያቄ አግኝቼ ነበር። ቤት ስገባ እናቴ በሰፌድ ምስር ትለቅም ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ቀዩን ምልክት ግን ታውቃለች።

«ሁሉንም አገኘህ?»

«ሁሉንም።»

«ስለ እሱም ጠየቋችሁ?»

«ምን አጣን ነው የሚለው።»

«ምን አልካቸው?»

ጥያቄውን ከነምርጫው አነበብኩላት፤ መልሱ ሁሉም ነው አልኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እማዬ። ልክ ነኝ፤ ይኸው ቀይ አለበት።»

«ሁሉንምማ ካጣን» አለች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየችኝ፣ «ይሄ ከፊቴ ቆሞ የሚያነብልኝ ማነው?»

ወረቀቱን እንደገና አየሁት፤ ምልክቱ አሁንም ልክ ይላል። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ከሰፌዱ ማዶ ተቀምጬ ምስሩን አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።